ለጤና አዳምና ለጥብስ ቅጠል የሚሆን አንድ ቃዳ መሬት፦ ከጥያቄው እስከ 22ኛው መልስ

ጥያቄውን በአንድ የውይይት ገጽ ላይ የጻፉት ባሕር ዳር ውስጥ 60 ካሬ ሜትር በማይሞላ ጓሮ፣ በባልዲና በዘይት ጀሪካን ጭምር ቅጠላ ቅጠል የሚያለሙ ሴት ናቸው። ጤና አዳም፣ በሶብላ፣ ኮሰረት፣ የጥብስ ቅጠል፣ ናናና ጠጅ ሳር አላቸው። ደንበኛም አላቸው፤ የጎደላቸው መሬት ነው። ጎጃም ገጠር ገብተው አንድ ቃዳ (ሩብ ሄክታር) ይዘው፣ እዚያው እየኖሩ፣ አፈሩን እያዳኑ ማልማት ይፈልጋሉ። የጠየቁት ሦስት ነገር ነው፦ መሬቱ በምን መንገድ ይገኛል? የትኛው አካባቢ ይሻላል? ከመፈረም በፊትስ ምን መታየት አለበት? መሬት እንደማይሸጥ አውቃለሁ ብለው ስለጀመሩ ብዙ ሰው በቀና መንፈስ ነው የመለሰላቸው፤ ሁሉም ግን አይደለም።

መልሶቹን በተራ የማወራው፣ ከባድ ስህተቶች የታረሙት ቀጥለው በመጡ መልሶች ስለሆነ ነው። 4ኛው ላይ አንብቦ የወጣ ሰው ገንዘቡን ሊያጣ ይችላል።

1ኛው መልስ ሰላምታ አስቀድሞ ወደ ሕጉ ይገባል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ አይሸጥም አይለወጥም፤ ለከተማ ሰው የቀሩት መንገዶች ከቤተሰብ በውርስ ወይም በስጦታ ማግኘት፣ ከባለይዞታ መከራየት፣ ወይም በኢንቨስትመንት መጠየቅ ናቸው ይላሉ። ለአንድ ቃዳ ሲባል ኢንቨስትመንት ውስጥ መግባት ልፋቱ ከጥቅሙ ይበልጣል የሚለው አስተያየታቸው ትክክል ይመስለኛል። የጠቀሱት ግን የፌዴራሉን አዋጅ 456/1997 ነው።

2ኛው አጭር ነው፤ ወላጆችዎ የይዞታ ደብተር ያላቸው ከሆነ መጀመሪያ እዚያ ይጠይቁ ይላል።

3ኛው የ1ኛውን ያርማል። 456/1997 በአዋጅ 1324/2016 ተተክቷል፤ በአማራ ክልል ደግሞ የሚሠራው የገጠር መሬት አዋጅ 252/2009 ነው። መላሹ ቁጥር በማረም ብቻ አላበቁም፦ የኪራይ ውል በጽሑፍ ሆኖ በወረዳው መሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት መመዝገብ አለበት፤ ደብተሩ ላይ የባልም የሚስትም ስም ካለ ሁለቱም መፈረም አለባቸው። ባል ብቻውን ፈርሞ ገንዘብ ተቀብሎ፣ ሚስት አላውቅም ስትል የፈረሰ ውል ጽሕፈት ቤቶች ዘንድ የተለመደ ጉዳይ ነው ይላሉ።

4ኛው አደገኛው ነው። ደላላ ካለ፣ ገንዘቡን ከፍሎ ወረቀቱን በስጦታ ወይም በብድር ስም ማጻፍ ይቻላል የሚል ምክር ነው። 5ኛው መልስ ወዲያው፣ በቁጣ ቃል፣ ይህ ሽያጭን በሌላ ስም መደበቅ እንደሆነ፣ ፍርድ ቤት ሲደርስ ፈራሽ እንደሚሆን፣ ገንዘቡን ለማስመለስም ሌላ ክርክር እንደሚጠይቅ አስረዳ። ቁጣው ተገቢ ነበር እላለሁ። በዚህ ወረቀት ባለይዞታውም ገዥውም ይጎዳሉ፤ ደላላው ብቻ ድርሻውን ይዞ ይሄዳል።

ከዚህ በኋላ ውይይቱ ወደ መሬቱ ወረደ፤ 6ኛው መልስ ከሁሉም ይበልጥብኛል። መሬት ሁለት ጊዜ ይታይ የሚል ነው፦ አንዴ በሐምሌ መጨረሻ ወይም በነሐሴ፣ አንዴ በመጋቢት ወይም በሚያዝያ። በክረምት የሚታየው ውሃ የሚተኛበት ቦታ ነው። ዝናብ ካባራ ከአንድ ቀን በኋላም ውሃ ያቆረ መሬት ላይ የጥብስ ቅጠልና ጦስኝ ሥራቸው ይበሰብሳል፤ ቅጠሉ ከታች ጀምሮ ይጠቁራል፣ ተክሉ ግን የሚሞተው ዝናቡ ካቆመ በኋላ በጥቅምት ስለሆነ ሰው ውሃ አነሰው ብሎ ያጠጣዋል፤ ያኔ ጨርሶ ይሞታል። በበጋ መጨረሻ የሚታየው ደግሞ ጉድጓዱ፣ ምንጩ ወይም ወንዙ ውሃ መያዙ ነው። በጥቅምት አረንጓዴ የሆነውን ማሳ አይቶ የፈረመ ሰው ግማሹን ብቻ ነው ያየው። መላሹ አንድ ቀላል ፈተናም ጨመሩ፦ ግማሽ ሜትር ጉድጓድ ቆፍሮ በውሃ መሙላት፣ ሲሰርግ እንደገና መሙላትና ሁለተኛው ስንት ሰዓት እንደፈጀ መመዝገብ። በማግስቱም ውሃ ካለበት፣ ወይ ከፍ ያለ መደብ ይሠራል ወይ ሌላ መሬት ይፈለጋል።

7ኛው አካባቢ ይመርጣል። መራዊና ዙሪያው ቀይ አፈር ነው፣ ውሃ ያሳልፋል፣ የቆጋ መስኖ አለው፣ ከባሕር ዳር 35 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ጠዋት የታጨደ ናና ሳይጠወልግ ይደርሳል። ቢቸናና ደጀን ሜዳው ዋልካ (ውሃ የሚያቁር ጥቁር አፈር) ነው፤ ለጤፍና ለሽምብራ እንጂ ለጥብስ ቅጠል አይሆንም። ወደ ጮቄ የወጣ ደግሞ ጦስኝ በተፈጥሮው የሚበቅልበት ብርድ ያገኛል፤ በሶብላ ግን ውርጭ አይችልም፣ አንድ ሌሊት ይጨርሰዋል።

8ኛው መልስ፣ ቀይ አፈር ውሃ ማሳለፉ እውነት ቢሆንም በመራዊ በኩል አሲዳማ የሆነ ብዙ ማሳ አለ፤ ይህን ሳይነግሩ መምከር ግማሽ ምክር ነው ይላል። ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው፤ ዝቅ ሲል አሲዱ በዝቷል ማለት ነው) ከ5.5 በታች ከሆነ ሥር በደንብ አያድግም፣ ማዳበሪያውም ይባክናል። አፈሩ እንዴት እንደሚወሰድ በዝርዝር አስቀምጠዋል፦ ከማሳው ከ15 እስከ 20 ቦታ በዚግዛግ፣ 20 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት፣ ከዛፍ ሥርና ከብት ካደረበት ቦታ ሳይወሰድ፣ በንጹሕ የፕላስቲክ ባልዲ ተደባልቆ አንድ ኪሎው ወደ ላቦራቶሪ። ቆርቆሮ ባልዲ ዚንክ ስላለው ውጤቱን ያበላሻል። ኖራ ካስፈለገ መጠኑን የሚወስነው ምርመራው ቢሆንም በሄክታር ከ2 እስከ 3 ቶን ሲባል ለ100 ካሬ ሜትር ከ20 እስከ 30 ኪሎ ማለት ነው፤ ከተከላ ሁለት ሦስት ወር ቀድሞ ተበትኖ እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ከአፈሩ ጋር ይቀላቀላል። ላዩ ላይ በትኖ መተው ብዙም አይሠራም። ጠጅ ሳር አሲዱን በመጠኑ ይችላል። የአዴት ግብርና ምርምር ማዕከል ቅርብ ስለሆነ ሄዶ መጠየቅ እንደሚጠቅም፣ ስለ መዓዛማ ተክሎች በተለይ ደግሞ የወንዶ ገነት ማዕከል እንደሚሠራ አክለዋል።

9ኛው ላይ ድምፁ ተቀየረ። እስከዚያ ጠያቂዋን ሁሉም እርስዎ ሲላቸው የቆየ ሲሆን ይህ ሰው አንቺ ብሎ ነው የጀመረው። የከተማ ሰው ጥሬ ገንዘብ ይዞ ሲመጣ፣ ያንን ማሳ በእኩል (ምርቱን ከባለይዞታው ጋር እየተካፈለ) ሲያርስ የነበረው መሬት የሌለው ወጣት ከማሳው ይባረራል፤ አፈር ልታደጊ የምትመጪው የማንን እንጀራ ነጥቀሽ ነው የሚል ነው። አነጋገሩ ሻካራ ነው፤ ክሱ ግን ከእውነት የራቀ አይደለም፤ ሁለት ሰዎች ዝም በል ማለታቸውም አልጠቀመም። ጠያቂዋ በ10ኛው የመለሱት በተሻለ ጨዋነት ነው፦ የጤፍ ማሳ እንደማይፈልጉ፣ ተዳፋት፣ ድንጋያማ ወይም ጠርዝ ላይ ያለ፣ በሬ በቀላሉ የማይዞርበት መሬት እንደሚበቃቸው፣ ቁጥቋጦ ለሚሆኑት ተክሎች ያ እንደሚሻል ጻፉ። የጥብስ ቅጠልና ኮሰረት በእርከን ላይ፣ ተዳፋቱን አቋርጠው በመስመር ሲተከሉ አፈር ይይዛሉ፤ ለዚህ በየዓመቱ የማይታረስ መሬት መሆኑ ጥቅም ነው። 9ኛው ሰው ከዚያ በኋላ አልተመለሱም።

11ኛው ረጅሙ መልስ ነው፤ የጥያቄው ልብም እዚህ ላይ ተነካ ብዬ አምናለሁ። ጠያቂዋ ረጅም ውል የፈለጉት አፈር በሁለት ዓመት ስለማይድን ነው፤ የጥብስ ቅጠልም ሙሉ ምርት የሚሰጠው ከ2ኛው ዓመት በኋላ ነው። ባለይዞታው ግን ረጅም ውል የሚፈራበት በቂ ምክንያት አለው። በ1989 በክልሉ የተደረገውን የመሬት ሽግሽግ የሚያስታውስ አባወራ፣ መሬቱን ሌላ ሰው ለረጅም ጊዜ ሲሠራበት መታየቱ አንድ ቀን ማስረጃ ይሆንብኛል ብሎ ይሰጋል። ሥጋቱ በቋሚ ተክል ይብሳል፤ ጎመን ነቅለህ ትሄዳለህ፣ ቁጥቋጦ ግን ሥር ሰድዶ ይቀራል። ስለዚህ ይላሉ መላሹ፣ ዋስትናውን ባለይዞታው ራሱ በውሉ ላይ ሲያየው ነው የሚያምነው።

ውሉ ውስጥ ይግቡ ያሏቸው ነገሮች እነዚህ ናቸው። የማሳው ቁጥር ከካርታው ላይ፣ አዋሳኞቹም በአራቱም አቅጣጫ በስም። ኪራዩ በየዓመቱ የሚከፈል ይሁን፤ የአምስት ዓመቱ በአንዴ ከተከፈለ ገንዘቡ በአንድ ክረምት ያልቃል፣ በሦስተኛው ዓመት የአካባቢው ኪራይ ሲጨምር ባለይዞታው እንደተበደለ ይሰማዋል፣ ጠቡም ከዚያ ይጀምራል። የቋሚ ተክሎች ዝርዝር፣ በውሉ መጨረሻ ባለይዞታው ተክሉን በስምምነት ዋጋ ይወስደዋል ወይስ ተከራይዋ ነቅላ መሬቱን ደልድላ ትመልሳለች የሚለው አስቀድሞ ይጻፍ። እርከን ሲፈርስ ማን እንደሚጠግን፣ ከጉድጓዱ በቀን ስንት በርሜል እንደሚቀዳ። ባለይዞታው በዕድሜ የገፉ ከሆነ ወራሾቹ በምስክርነት ይገኙ፤ ከሞት በኋላ ውሉን አናውቅም የሚሉት እነሱ ናቸውና። የውሉ ዘመን ቢያንስ 5 ዓመት ይሁን፤ ካልተቻለ በመጀመሪያው ሁለት ዓመት በሶብላ፣ ድንብላልና ነጭ አዝሙድ እየዘሩ መተዋወቅ፣ ቁጥቋጦውን ውሉ ሲታደስ መትከል። ስለ ቤቱ ደግሞ ቁርጥ ያለ ነገር ተናግረዋል፦ በተከራዩት እርሻ ላይ ቋሚ ቤት መሥራት የመሬቱን አጠቃቀም መቀየር ስለሆነ አይታሰብ፤ ከባለይዞታው ግቢ ወይም ከቅርቡ ከተማ ቤት ተከራይቶ ማሳው ላይ መጠለያና ማድረቂያ ዳስ ብቻ ማቆም ይበቃል።

12ኛው የውሃ ሒሳብ ነው። በበጋ አንድ ካሬ ሜትር በቀን 5 ሊትር ያህል ይጠጣል። አንድ ቃዳ ሩብ ሄክታር ስለሆነ 2,500 ካሬ ሜትር፣ በቀን 12,500 ሊትር፤ በ20 ሊትር ጀሪካን 625 ጀሪካን። ይህን ማንም ሰው በእጁ አይቀዳም። መላሹ በ500 ካሬ ሜትር ይጀመር፣ መደቡ ብቻ በጠብታ መስኖ ይጠጣ ይላሉ፤ መደቡ የማሳው ግማሽ ከሆነ በቀን 1,250 ሊትር ይበቃል። 200 ሊትር በርሜል በአንድ ሜትር ቆጥ ላይ ሲቀመጥ ግፊቱ ደካማ ስለሆነ መስመሩ ከ10 እስከ 15 ሜትር ባይበልጥ፣ መግቢያው ላይ ወንፊት ቢኖር፣ የመስመሩ ጫፍ በየሳምንቱ ተከፍቶ ቢታጠብ። በርሜሉ ፀሐይ ካሳለፈ አልጌ ይበቅልና ቀዳዳዎቹን ይደፍናል።

13ኛው ስለ ቆጋ አንድ ያልታሰበ ነገር አነሳ። የመስኖ ውሃ በተራ ነው የሚደርሰው፤ ስንዴና ድንች በየተራው ቢጠጡ ይችላሉ፣ ናናና በሶብላ ግን ቶሎ ቶሎ ይፈልጋሉ። በተራ መካከል ያለውን ቀን የሚሸፍን ውሃ በማያሳልፍ ወፍራም ፕላስቲክ (ጂኦሜምብሬን) የተነጠፈ ትንሽ ኩሬ ያስፈልጋል፤ ኩሬውም ሕፃንና ከብት እንዳይገባበት መታጠር አለበት።

14ኛው መልስ ጎረቤት ማሳ ላይ ባሕር ዛፍ ካለ ከ10 እስከ 15 ሜትር ይራቁ፣ ካልተቻለ ድንበሩ ላይ አንድ ሜትር ጥልቅ ቦይ ቆፍረው ሥሩን ይቁረጡ ብሎ በጥሩ ጀመረ። ከዚያ 15ኛውና 16ኛው ባሕር ዛፍ ጎጃምን አደረቀ፣ አይ ገበሬውን ከዕዳ አወጣ በሚል ተያያዙ፤ በአዊ ለከሰል የሚተከለው የዲከረንስ ዛፍም ተጨመረ። ለጠያቂዋ ከዚያ ውስጥ የሚጠቅም አንድ ነገር አገኘሁ፦ ባሕር ዛፍ የተነቀለበትን መሬት በርካሽ ነው ብለው እንዳይከራዩ፣ ጉቶው ተቆፍሮ ካልወጣ በየዓመቱ እንደሚያቆጠቁጥ።

17ኛው ውይይቱን መለሰው። የጥብስ ቅጠል ከዘር ሳይሆን ከቅርንጫፍ ይራባል፤ ካላበበ ቅርንጫፍ ከ10 እስከ 12 ሳንቲ ሜትር ይቆረጣል፣ የታችኛው ቅጠል ይረገፋል፣ አሸዋ በበዛበት አፈር ውስጥ በከፊል ጥላ ይተከላል፤ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ሥር ያወጣል። በሚያዝያ ተቆርጦ ሰኔ አጋማሽ ወደ ማሳ ይወጣል። በተክል መካከል 50 ሳንቲ ሜትር፣ በመስመር መካከል አንድ ሜትር ሲሆን 500 ካሬ ሜትር 1,000 ችግኝ ይፈልጋል፤ 30 በመቶው ስለሚሞት 1,300 ይቆረጥ። 18ኛው ሒሳቡን አረመ፦ ከ1,300ው 30 በመቶ ከሞተ የሚቀረው 910 ነው፤ 1,000 እንዲተርፍ 1,430 ያህል መቆረጥ አለበት። ጠያቂዋ ባላቸው ጥቂት እናት ተክል ይህ በአንድ ዓመት ስለማይሞላ ዘንድሮ ከቆረጡት ለከርሞ እናት ማብዛት ይቀድማል። እኚሁ ሰው ስለ ጤና አዳምም አስጠነቀቁ፤ ጭማቂው ቆዳ ላይ ነክቶ ፀሐይ ሲያገኘው ውሃ የቋጠረ ቁስል ያወጣል። አጫጆች ጓንትና ረጅም እጅጌ ይልበሱ፣ አጨዳው ማለዳ ወይም አመሻሽ ይሁን፣ ነፍሰ ጡር ሴት እዚህ ሥራ ላይ አትመደብ። ይህን በየደጃችን ስለሚበቅል ንቀን የምናልፈው ነገር ነውና ጎልቶ መጻፍ ይገባዋል።

19ኛው ማድረቂያ ነው። አራት ኪሎ እርጥብ የጥብስ ቅጠል አንድ ኪሎ ደረቅ ይሆናል፤ በሶብላ ሰባት ስምንት ኪሎ ይፈልጋል። በጥላ፣ ጎኑ ክፍት በሆነ ዳስ፣ በሽቦ ወይም በመረብ ቆጥ ላይ፣ በካሬ ሜትር ከ2 እስከ 3 ኪሎ ሳይበልጥ ይዘረጋል። ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ካለፈ ዘይቱ ይተናል፣ ሽታው ይጠፋል፤ የሣር ክዳን ይሻላል። ማድቤት አጠገብ ከሆነ ጭስ ይጠጣል። ከሰኔ እስከ መስከረም ለማድረቅ ማጨድ ሻጋታ ማምረት ነው፤ በክረምት እርጥቡን ብቻ መሸጥ። መንገድ በሚዘጋበት ሳምንት ግን የሚያድነው ደረቁ ስለሆነ ሁለቱንም መያዝ ግድ ነው።

20ኛው ስለ ጎረቤት ነው። አጨዳ ካለቀ በኋላ ከብት ወደ ቃርሚያ ይለቀቃል፤ ሽታ ያለውን ቅጠል ባይበላም ይረጋግጠዋል። አጥሩ ከኅዳር በፊት ይቁም፤ ስሚዛ በሰኔ በቅርንጫፍ ቢተከል እርጥቡን ከብት ስለማይደፍረው ጥሩ አጥር ይወጣዋል፣ እስኪያድግ ግን እሾህ ያስፈልጋል። ከእርሻና ቁፋሮ የሚታቀቡባቸውን በዓላት፣ ሚካኤልን፣ ማርያምን፣ ባለእግዚአብሔርን፣ ሌላም ደብሩ የሚያከብረውን፣ ከአካባቢው ሰው ጠይቆ የሥራ ቀኑን በዚያ መደልደል፤ ለባሕር ዳር የቅዳሜ ገበያ የሚሆነው ዓርብ ይታጨዳል። በደቦ የመጣ ጎረቤት ብድሩ እንዲመለስለት ይጠብቃል፤ በእርሻ መመለስ የማይችል ሰው በችግኝም በቅጠልም መመለስ ይችላል።

በ21ኛው ጠያቂዋ ተመልሰው ሐሳባቸውን አጠበቡ። ቃዳውን ትተው በመራዊ በኩል 500 ካሬ ሜትር ተዳፋት መሬት ከጉድጓድ ጋር አይተዋል፤ ባልና ሚስቱ በ5 ዓመት ውል ላይ ለመነጋገር ፈቃደኞች ናቸው። የጉድጓዱ አፍ 1.2 ሜትር ስፋት አለው፤ በቀን 1,250 ሊትር ይሰጥ እንደሆነ በምን ይታወቃል ብለው ጠየቁ።

22ኛው እንዲህ መለሰ፦ በሚያዝያ፣ ከዝናብ በፊት፣ አመሻሽ ላይ እስከሚቻለው ተቀድቶ፣ ድንጋይ የታሰረበት ገመድ ወርዶ የውሃው ልክ ላይ ይቋጠር፤ ሌሊት ማንም ሳይቀዳ፣ ጎሕ ሲቀድ ድጋሚ ወርዶ ሌላ ቋጠሮ። በዚህ ስፋት በሁለቱ ቋጠሮዎች መካከል ያለው እያንዳንዱ ሜትር 1,130 ሊትር ነው። ባለይዞታዎቹ ለቤትና ለከብት የሚቀዱት መጀመሪያ ይቀነስ፤ የሚተርፈው 800 ብቻ ከሆነ መደቡ 160 ካሬ ሜትር ይሁን። ልኬቱም ውሉ ከመፈረሙ በፊት፣ ሁለቱ ባለይዞታዎች ባሉበት ይደረግ።